ባለቤት ያጡ ቡልዶጎችና አዲስ ቤት የሚፈልጉላቸው ሰዎች

ቡልዶግ ውድ ውሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቡችላ ከአርቢ ሲገዛ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅበታል። ይህን ያህል የወጣበት ውሻ ታዲያ ለምን ይጣላል? ብዙ ጊዜ መልሱ የሐኪም ሂሳብ ነው።

ዝርያው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ድሮ ኮርማ ታስሮ ውሻ የሚለቀቅበት የውርርድ ትርኢት ነበር፤ ቡልዶግ ስሙንም («ቡል» በእንግሊዝኛ ኮርማ ነው) ሥራውንም ያገኘው እዚያ ነው። ትርኢቱ በ1835 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በሕግ ታገደ። ከዚያ በኋላ አርቢዎች ያተኮሩት መልኩ ላይ ነው። ጠባዩ ለዘብ አለ፣ ፊቱ አጠረ፣ ቆዳው ተሸበሸበ፣ ጭንቅላቱ ገዘፈ።

ዋጋውን የሚከፍለው ውሻው ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ላንቃው ደግሞ ረዝሞ የአየር መንገዱን ይዘጋበታል። ሲያንኮራፋ «ሲያምር!» እያሉ ቪዲዮ የሚለቁ ሞልተዋል። ያ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ አየር ያጠረው እንስሳ ድምፅ ነው። የከፋበት ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ሙቀት በቀላሉ ሊገድለው ይችላል። የፊቱ እጥፋት ካልጸዳ ይቆስላል። አብዛኞቹ ቡችሎችም የሚወለዱት በቀዶ ጥገና ነው። በጥር 2022 አንድ የኦስሎ ፍርድ ቤት ዝርያውን ማራባት የኖርዌይን የእንስሳት ደህንነት ሕግ ይጥሳል ብሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ግን በዚያው ዓመት ውሳኔውን ለቡልዶግ ሻረው።

ፋሽኑ ግን አልቀዘቀዘም። በዚያው 2022 ትንሹ ዘመዱ የፈረንሳይ ቡልዶግ በአሜሪካ የውሻ ክለብ ምዝገባ አንደኛ ወጣ፤ ላብራዶር ለ31 ዓመት ይዞት የቆየውን ቦታ ነጠቀ። ተፈላጊነቱ ሲጨምር ሳያጣራ የሚገዛውም ይበዛል፣ ለገንዘብ ብቻ የሚያራባውም እንዲሁ። መውለድ ያቆሙ እናት ውሾች የሚጣሉትም በእንደዚህ ዓይነቶቹ አርቢዎች ነው። ፍቺ፣ የቤት ኪራይና የባለቤት ሞትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በአሜሪካም በእንግሊዝም ለዚህ ዝርያ ብቻ የቆሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ። ብዙዎቹ የራሳቸው መጠለያ የላቸውም፤ ውሻው የሚያርፈው በጎ ፈቃደኛ ቤት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ጊዜያዊ አሳዳጊው ውሻው ልጅ ይወዳል ወይ፣ ምግቡን ሲነኩበት ይቆጣል ወይ፣ ሌሊት እንዴት ይተነፍሳል የሚለውን አብሮት እየኖረ ያውቃል። ሐኪም ያየዋል፣ ይከተባል፣ ይመክናል፤ የልብ ትል ከተገኘበት ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ብዙ አየር መንገዶች አፍንጫ አጭር ውሾችን በጭነት ክፍል ስለማይቀበሉ፣ በጎ ፈቃደኞች በመኪና እየተቀባበሉ ከግዛት ግዛት ያደርሷቸዋል።

ውሻውን ወስዶ ሊያሳድግ የሚፈልገውም በቀላሉ አይታለፍም። ቅጽ ይሞላል፣ የድሮ ውሻውን ያከመው ሐኪም ይጠየቃል፣ ቤቱም ይታያል። አየር ማቀዝቀዣ አለ? ደረጃው ይበዛል? መዋኛ ገንዳው ታጥሯል? የመጨረሻው ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ ቡልዶግ ጭንቅላቱ ከባድ እግሩ አጭር ስለሆነ ውኃ ውስጥ ከገባ ይሰምጣል። ወሳጁ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ አንድ ቀዶ ጥገና እንኳ አይሸፍንም። ላረጁ ውሾች ይቀንሳል። በውሉ ላይ ደግሞ አንድ የማይቀር አንቀጽ አለ፦ ውሻውን ማቆየት ካልቻልክ ለሌላ ሰው አትስጠው፣ ለእኛው መልስ።