ሐዘን ቤት ውስጥ ሳቅ ሲሰማ፦ ወጣት ስንቀብር የምናምናቸው ነገሮችና እውነታው

ሽማግሌ ሲሞት እናለቅሳለን፤ ግን «ዕድሜ ጠግቦ ሄደ» የምንለው አናጣም። ወጣት ሲሞት አፋችን ይተሳሰራል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ሞጣ፣ ቢቸናም ይሁን ዳንግላ፣ የሃያ ዓመት ልጅ የተቀበረ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ክው ይላል። ዝም ማለት ስለሚከብደን ደግሞ ከአያቶቻችን የሰማነውን፣ ፌስቡክ ላይ ያነበብነውን ሁሉ እንናገራለን። አንዳንዱ ያጽናናል። አንዳንዱ ግን ቁስል ይነካል። እኔን በተለይ የሚያንገበግበኝ ልጅ የሞተባት እናት ፈገግ ባለች ቁጥር እንድታፍር ማድረጋችን ነው። ከእሱ ልጀምር።

«ከሳቀች ረስታዋለች»

አርባው ሳይወጣ እናትየው ቡና ላይ ስትስቅ ከታየች በማግስቱ ወሬ ይሆናል። «አይ! እንዲህ ቶሎ ይረሳል?» ይባላል። ወሬው ደግሞ እሷ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሳቅ በመጣባት ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ቀስ በቀስም ቡናውን ትተዋለች፤ ሰው ትሸሻለች።

እውነታውን ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማታ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ይላል። ድንኳኑ ውስጥ የልጁ ጓደኞች ይቀራሉ። አንዱ «ያን ጊዜ እኮ የአባቱን በቅሎ ሳያስፈቅድ ጭኖ ገበያ ወጥቶ…» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ይቀጥላል። ሳይታሰብ ሳቅ ይፈነዳል። እናትየውም ትስቃለች፤ ሳቋ ሳያልቅ ታለቅሳለች። በዚያች ሰዓት ልጁ ከነጠባዩ፣ ከነተንኮሉ፣ ከነደግነቱ ቤቱ ይመጣል። ሲለቀስለት የዋለው የሞተበት ቀን ነው፤ ማታ የሚወራው የኖረው ሃያ ዓመት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስታወስ የለም።

ዳከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን አጥንተውታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ሟቹ ሲያወሩ ፊታቸውን ተከታተሉ። እያወሩ ከልባቸው የሳቁት ሰዎች ንዴታቸው ቀለል ያለ፣ ከሌላ ሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በወላጆች ላይ የተሠራ አይደለም፤ ግን ድንኳን ውስጥ የምናየውን ነገር ይመስላል።

መጽሐፍ ቅዱስም «ለማልቀስ ጊዜ አለው፥ ለመሣቅም ጊዜ አለው» ይላል፤ መክብብ 3፥4 ላይ። ሁለቱ ጊዜያት በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ስኒ ቡና ላይ ይገናኛሉ። ጎረቤት ከሆንሽ እናትየው ስትስቅ አብረሻት ሳቂ። ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፤ ደረጃውን ጨርሰው ይወጡታል»

ይህኛው ከተማ ቀመስ ነው። መካድ፣ መናደድ፣ መደራደር፣ መደበት፣ መቀበል እየተባለ ይዘረዘራል። ሐሳቡ የኤልዛቤት ኩብለር ሮስ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት። የተነሳችው ግን ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ውይይት ነበር። ልጁን የቀበረ አባት በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል የሚል ማረጋገጫ የለም።

ከዚህ ይልቅ የማርጋሬት ስትሮብና የሄንክ ሹት አስተያየት ለእኛ ኑሮ ይቀርባል። ሁለቱ ኔዘርላንድስ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሐሳቡን በ1999 እ.ኤ.አ. አወጡት። ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ፤ አንዴ ወደ ጉዳቱ ይገባል፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ጠዋት መቃብር ላይ ያለቀሰ ገበሬ ከሰዓት ጤፉን ያርማል። ማታ ደግሞ የልጁ ጫማ በር ላይ ሲታየው ይፈርሳል። እንደ ተመራማሪዎቹ አባባል መመላለሱ ራሱ ጤነኛ ነው። ሁልጊዜ ማልቀስም፣ ሁልጊዜ ሥራ ውስጥ መደበቅም ያደክማል። ስለዚህ በወሩ የተረጋጋ ሰው በስድስተኛው ወር ቢፈርስ ወደ ኋላ ተመለሰ አይባልም።

«ማልቀስ እምነት ማጣት ነው»፤ «ያላለቀሰ አላዘነም»

እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት አባባሎች ናቸው። የሚገርመው ግን አንድ ለቅሶ ላይ ሁለቱንም ትሰማላችሁ።

ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው። ጌታ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ እንባውን አፍስሷል፤ ዮሐንስ 11፥35። ሊያስነሣው ሄዶ ሳለ አለቀሰ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው» ሰዎች እንዳያዝኑ ጻፈ እንጂ ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አልቅሰዋል፤ ዓይን ያነባል፣ ልብ ያዝናል፣ የምንናገረው ግን ጌታችን የሚወደውን ብቻ ነው ብለዋል።

ሁለተኛው ደግሞ ያልተነካ የመሰለውን ሰው ይበድላል። እንባ የማይመጣለት አለ። በተለይ አባት። «ወንድ ልጅ እንባውን ይውጣል» ተብሎ አድጓል። ሲቀበር ድንጋይ ያቀብላል፣ ድንኳን ያስተክላል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ሰውም «ጠንካራ ነው» ይለዋል። ከወር በኋላ አረቄ ቤት ሲያመሽ ያን ጊዜ ሁሉም ይደነግጣል። አረቄ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያመጣል፤ በማግስቱ ሐዘኑን አክብዶ ይመልሰዋል። ለዚህ አባት የሚበጀው አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ሰንበቴም ሲሄድ፣ ገበያም ሲወርድ፣ እርሻም ሲውል። ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወጡትን ነገር መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያወጡታል።

ፊት መንጨትና ደረት እስኪያብጥ መምታት የፍቅር ማረጋገጫ አይደለም። ካህናቱም ሁልጊዜ ይገሥጹታል።

«እግዜር የወደደውን ይወስዳል»፤ «ሌላ ይተካልሽ የለ!»

ሁለቱም ከደግ ልብ ይወጣሉ። ጆሮ ላይ ሲያርፉ ግን ይከብዳሉ። እናትየው ልጇን ከእግዜር በላይ አልወደደችውም ወይ ብላ ሌሊቱን ታድራለች። ልጅ ደግሞ በልጅ አይተካም። አምስት ልጅ የቀራትም የሞተውን ስድስተኛ አድርጋ ስትቆጥር ትኖራለች። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የበደሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። «እግዜር ያጥናሽ» ማለትና መቀመጥ ይበቃል።

«ስሙን አታንሱባት፤ ቁስሏ ይነካል»

ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ልጃቸው እንዳይረሳ ነው። ስሙን ስንደብቅ ፍርሃታቸውን እውነት እናደርገዋለን። እነሱ እንደሆኑ ያለዚያም ሲያስቡት ነው የሚውሉት። ስሙ ሲጠራ እንባቸው ቢመጣም ያ እንባ የእኛ ጥፋት አይደለም።

በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ጊዜ «ከሟቹ ጋር ያለህን ነገር ቁረጥና ኑሮህን ቀጥል» የሚል ምክር ይሰጥ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ይህን ተቃወሙ፤ ክላስ ልጅ የሞተባቸውን ወላጆች ለዓመታት የተከታተለ ተመራማሪ ነው። ወላጆቹ ከልጃቸው ጋር ያላቸው ዝምድና መልኩን ለውጦ ይቀጥላል እንጂ አይቋረጥም አሉ። ይህ ለጎጃም ሰው አዲስ ዜና አይደለም። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ፣ ሁሉም የተሠሩት ለዚህ ነው። ስሙ በቅዳሴ ይጠራል፤ በስሙ ድሃ ይበላል።

ከነዚህ ቀናት ውጭም ደስታ የሚሰጥ መታሰቢያ አለ። የሚወደውን ምግብ በልደቱ ቀን ሠርቶ ጓደኞቹን መጥራት። መስከረም ላይ በስሙ ለሁለት ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት። ጓደኞቹ ስልክ ላይ ያሉትን ፎቶዎችና የድምፅ መልእክቶች ሰብስቦ ለእናቱ መስጠት። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሳይቆይ ይሁን፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይበላሻል። ልብሱን ግን በሳምንቱ ለቅመን አንስጥባት። መቼ እንደሚሰጥ እሷ ታውቃለች።

«ተዝካሩ ካላማረ ነፍሱ አታርፍም»

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመታሰቢያው መሠረት ጸሎትና ምጽዋት ነው። የጠላው ጋንና የበሬው ቁጥር የሰው ጉዳይ ነው። ልጁን አጥቶ ደግሞ ለአርባው በሬውን የሸጠ ገበሬ ሰኔ ላይ በምን ያርሳል? ወላጅ በዕዳ ላይ ዕዳ ሲጨምር ዝም የምንል ዘመዶች ብንናገር ይሻላል። «እኛ ይህን ያህል እናዋጣለን፤ ከዚያ በላይ አትደግስም» የሚል አንድ አጎት ብዙ ቤት ያድናል።

«ልጆች አይገባቸውም»

የሟቹ ታናናሾች ብዙ ጊዜ ከለቅሶው ይሸሸጋሉ። «ወንድምህ አዲስ አበባ ሄዷል» ወይም «ተኝቷል» ይባላሉ። ተኝቷል የተባለ ሕፃን መኝታ ሊፈራ ይችላል። ሄዷል የተባለው ሳይሰናበተኝ ሄደ ብሎ ይቀየማል፤ በኋላም ከሌላ ልጅ አፍ እውነቱን ይሰማል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑ ቶሎ አይገባቸውም፤ ስለዚህ ደጋግመው ይጠይቃሉ። «ወንድምህ ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ አይመለስም፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብሎ በቀላል ቃል መድገም ነው። አልቅሶ ወዲያው ኳስ ሊጫወት ቢወጣ አትቆጡት። ልጅ የሚያዝነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

«ሐኪም ጋ መሄድ ማበድ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች መዝገብ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት 11ኛው እትም፣ የተራዘመ ሐዘንን ለብቻው አስፍሮታል። ከስድስት ወር በላይ የሚዘልቅ፣ ሰውየውን ከኑሮው የሚያወጣ ከባድ ሐዘን ነው። ከአካባቢው ባህልና ሃይማኖት ልማድ በግልጽ ያለፈ መሆን እንዳለበትም ይላል። እንግዲህ ዓመት ሙሉ ጥቁር የለበሰች እናት በልብሷ ብቻ ታማለች አትባልም። ከስድስት ወር በኋላም ከአልጋ የማትነሳ፣ የማትበላ፣ ሌሎች ልጆቿን ማየት ያልቻለች ከሆነ ግን እርዳታ ያስፈልጋታል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበል የምትሄድ ከሆነም ትሂድ፤ ሐኪም የሰጣትን መድኃኒት ግን አታቋርጥ።

አንድ ነገር ላይ ግን ወራት አይጠበቅም። ቀብር ላይ «ልከተልህ» ብሎ መጮህ በሙሾ የተለመደ ነው። ከሳምንታት በኋላ ቀዝቀዝ ብሎ «እኔም ብሄድ ይሻላል» የሚል ሰው ግን የምሩን ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ጠይቁት። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ብቻውን አትተዉት፤ የእርሻ ኬሚካልና ጠመንጃ ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

«የጓደኞቹ ሰርግ ላይ አትጥሯት፤ ይከፋታል»

ጥር ይመጣል። አብሮ አደጎቹ ያገባሉ። ሙሽራው እናትየውን መጥራት ይጨንቀዋል። «የእኔ ልጅ ይሄኔ» ትላለች ብሎ ይዘልላታል። እሷም ሰርጉን ከሌላ ሰው ትሰማለች፤ ከልጇ ጋር እሷም እንደተቀበረች ይሰማታል።

ይከፋታል? አዎ፣ ሊከፋት ይችላል። ግን ያ ልጅ ቤቷ እንጀራ ሲበላ ያደገ ነው። ብዙ እናቶች የልጃቸውን ጓደኛ ሲዳር ማየት ይፈልጋሉ፤ ከልጃቸው ዘመን የቀራቸው እሱ ነውና። ሙሽራው ራሱ ቤቷ ሄዶ ይጥራት፤ የወረቀት ጥሪ አይበቃም። «እማ፣ እሱ ቢኖር ሚዜዬ ነበር። ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። ካልቻልሽም አልቀየምሽም» ይበላት። ከመጣች ቶሎ ወጥታ መሄድ ቢያሰኛት እንዳትቸገር በር አጠገብ ትቀመጥ፤ አብራት የምትሆን አንዲት ሴትም ትኑር። እልል ብትል፣ ተነሥታ እስክስታ ብትመታ ማንም አይጠቋቆም። ካልመጣች ደግሞ ሙሽሮቹ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ድፎና ጠላ ይዘው ቤቷ ይሂዱ፤ ተቀምጠውም ስለ ልጇ ያውሩ።