«ከሰሉን ጭሱ ካለቀለት በኋላ ነው እኮ ያስገባነው!»

ሐዋሳ ሞቃት ናት ይባላል እንጂ የሐምሌ ሌሊቷ ጋቢ ያስፈልገዋል። ክረምት በገባ ቁጥር እኔ የምሠራበት ድንገተኛ ክፍል የከሰል በሽተኛ ይመጣል። አስታማሚው የሚለው ያው ነው፦ «ውጭ አያይዘን፣ ፍሙ ሲቀላ ነው ያስገባነው።»

እስቲ አንዴ እንግባባ። ጭስማ ዓይን አቃጥሎ፣ አስሎ፣ ከእንቅልፍ ያስነሳል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። ያ ደስ የሚል ቀይ ፍም ጭሱ ካለቀም በኋላ ይህንኑ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢንን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው አየር እየሳበ ይታፈናል።

አምና ሰርቪስ ቤት የተከራዩ ሁለት ተማሪዎች መጡልን። ማታ ቡና ጠጥተው ምድጃውን ለሙቀት ትተውታል። መስኮቱን ለሐይቁ ትንኝ ዘግተው፣ የበሩን ስር በነጠላ ወትፈውታል። ጠዋት አከራያቸው በር ሰብረው አወጧቸው። የአንደኛዋ ጣት ላይ የሰካነው የኦክስጅን መለኪያ 98 በመቶ አለ፤ የጤነኛ ሰው ቁጥር! መሣሪያው የተመረዘውን ደም ከጤነኛው አይለይም። እሱን አምነን ብንሸኛት ኖሮ አለቀላት። ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ።

«ውሃ በሳህን ካስቀመጥን ይስበዋል።» አይስበውም።

«በሩን ገርበብ ማድረግ ይበቃል።» ለቡና ሰዓት ከምንም ይሻላል፤ ለእንቅልፍ ግን ምድጃው ውጭ ይደር።

«ቡታጋዝ ንጹሕ ነው፣ ችግር ካለም ይሸታል።» የሚሸተው ያፈተለከው፣ ያልነደደው ጋዝ ነው፤ ሽታውም ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው ዝግ ክፍል ለሙቀት ብላችሁ ስታነዱት ግን የክፍሉን ኦክስጅን ያሳንሳል፣ ከዚያ ያንኑ ሽታ አልባ ጋዝ ያመነጫል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ቶሎ አጥፉ። ሰማያዊ ነው ብላችሁም አትተኙ።

«ወተት ያረክሰዋል።» ይሄኛው ያናድደኛል። ወተቱ የሚገባው ጨጓራ፣ መርዙ ያለው ደም ውስጥ! ራሱን የሳተ ሰው ከተጋተ ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በር ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ ጎትቱ፣ ሐኪም ቤት ሩጡ። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ እንኳ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ጭምብል ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች «ተሽሎኛል» ብትልም ይዛችኋት ኑ፤ ከጽንሱ ደም የሚወጣው ከእሷ ዘግይቶ ነው።