ዳንቴል ሲያልቅ የሚተርፈው ክር፦ ቋጥሮ መቁረጥ ለምን አይበቃም?

የመጨረሻው ዙር አልቆ ኪሮሹን ስታስቀምጡ ደስ ይላል። ሥራውን ገልበጥ ስታደርጉት ግን እዚህም እዚያም ክር ተንጠልጥሏል። ብዙዎቻችን እዚህ ጋ ስንደርስ ይሰለቸናል። ቋጠር፣ ቆረጥ፣ አለቀ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማደርገው፤ ለእህቴ ልጅ የሠራሁላት ኮፍያ ሦስተኛ ጊዜ ታጥቦ አናቱ ላይ ቀዳዳ እስኪያወጣ ድረስ። መጀመሪያ የጣት ጫፍ ታክል ነበር፣ በሳምንቱ ቀዳዳዋ ሁለት ጣት የምታስገባ ሆነች። የኪሮሽ ኮፍያ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአናቱ መሃል ነው፤ የመጀመሪያው ዙር በሙሉ የተንጠለጠለው በአንዲት በተሳበች ቀለበት ላይ ስለሆነ የእሷ ጫፍ ሲሾልክ አናቱ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ትርፍ ክር የሚባለውን ሁሉ መፈተሽ ጀመርኩ።

«ጠበቅ አድርጎ መቋጠር ይበቃል።» አይበቃም። ከገበያ የምንገዛው የሹራብ ክር አብዛኛው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ለስላሳ ነው። የሚያብረቀርቀው የዳንቴል ጥጥም እንደዚያው። ልብሱ በተሳበ፣ በታጠበና በተጨመቀ ቁጥር ቋጠሮው ትንሽ ትንሽ ይላላል። ባይላላ እንኳን ጉብ ብሎ ይቀራል፣ ሕፃን ልጅን ይቆረቁራል፣ አንዳንዴም በፊት በኩል ብቅ ይላል። ክሩን የሚይዘው ቋጠሮ ሳይሆን ከሌላው ክር ጋር መፋተጉ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉት። ጫፉን መርፌ ላይ ሰክታችሁ በጀርባ በኩል፣ ክሮቹን በስሱ እየወጋችሁ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል በአንድ አቅጣጫ አሳልፉት። እዚያ ስትደርሱ አንዲት ክር ዝለሉና በመጣበት መልሱት። ያቺን አንዲት ክር ካልዘለላችሁ የገባው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ እንደገና አሳልፉት። ወደ አንድ ጎን ሲሳብ የሚሾልክ ክር ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ መውጫ ያጣል።

«ረጅም ጫፍ መተው ክር ማባከን ነው።» የሚባክነው አንድ ስንዝር እንኳን አይሞላም፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለት ጣት ብቻ ከተዋችሁ መርፌውን ማዞር አትችሉም። በስህተት አጥሮ ከቀረ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፦ መጀመሪያ ባዶውን መርፌ ሥራው ውስጥ አስገቡት፣ ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ሲደርስ ክሩን ሰኩና ሳቡት።

«እየሠራሁበት ከሸፈንኩት በቃ፣ መርፌ አያስፈልግም።» ይህ ግማሽ እውነት አለው። ጫፉን ከላይኛው ረድፍ ጋር አስተኝቶ በላዩ ላይ መሥራት ጊዜ ይቆጥባል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ክሩ በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ ሥራው ሲሳብ ሾልኮ ይወጣል። ጥቂት እየሸፈናችሁ ሂዱ፣ ቀሪዋን ጫፍ ግን በመርፌ ወደ ኋላ መልሷት።

«ሁሉም ክር አንድ ነው።» እውነተኛ የበግ ሱፍ ጠጉር ስላለው እየታጠበ ሲሄድ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ብዙ አያስቸግርም። ጥጥ ግን ጨርሶ አይያያዝም። እናቶቻችን ለሶፋና ለቴሌቪዥን ይሠሩት የነበረውን ዓይነት ነጭ ዳንቴል ስትሠሩ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፦ ሥራው ክፍት ክፍት ስለሆነ ጫፉን በቀዳዳው ላይ አቋርጣችሁ ካሳለፋችሁት ከሩቅ ይታያል። ጥቅጥቅ ያለውን ክፍል እየተከተላችሁ፣ ዞር ማለት ካስፈለገም ዞር እያላችሁ ሂዱ። ቀጭን መርፌ ተጠቀሙ።

«ጫፉን በክብሪት ጠበስ ማድረግ ነው።» እባካችሁ ይህን ተዉት። ጥጥ ይነዳል። አክሪሊክ ይቀልጥና ደርቆ እንደ ጠጠር ይሆናል፣ የልጅ አንገት ይቧጭራል። ሙጫም ቢሆን ያደርቀዋል እንጂ አያስተማምንም።

«እንዳለቀ መቆረጥ አለበት።» መጀመሪያ ሥራውን በሁለት እጃችሁ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳብ ሳብ አድርጉት። ጫፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ስባችሁት ከሆነ ያ ቦታ እንደተኮማተረ ወዲያው ታዩታላችሁ። ከተቻለ እጠቡትና ሲደርቅ ቁረጡት። ያኔም ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀሩ፤ ጥግ ድረስ መቁረጥ ከጎኑ ያለውን ክር የመቁረጥ አደጋ አለው።

«ሁሉንም መጨረሻ ላይ በአንዴ እጨርሰዋለሁ።» 40 ባለ ቀለም መስመር ያለው ብርድ ልብስ፣ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ክሩ ከተቆረጠ፣ 80 ጫፍ ይኖረዋል። እሱን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ሰው 20ኛው ላይ መቋጠር ይጀምራል። ሁለት ሦስት ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ አስገቡት።

ኮፍያውንስ? አልጣልኩትም። በቀዳዳው ዙሪያ ያሉትን የላሉ ክሮች አንድ በአንድ በአዲስ ክር ለቀምኳቸው። ልክ እንደ ከረጢት አፍ ሳብኩት፣ ሁለት ጊዜ ዞርኩበት፣ ጫፉንም በጀርባ ሦስት ጊዜ አመላለስኩት። ያኔ አራስ የነበረችው ልጅ አሁን አድጋለች፣ ኮፍያውን ታናሽ ወንድሟ ያደርገዋል።