ኮኮናት ውኃና የቡና ላይ ወሬ

ከዱባይ የመጣ ዘመዳችን ለአክስቴ አንድ ካርቶን የኮኮናት ውኃ አምጥቶላት ነበር። ባሕር ዳር ቤቷ ስደርስ ቡና ተፈልቷል። እሷ ግን ከቡናው በፊት ያን ውኃ በስኒ እየቀዳች ጎረቤቱን ታቀምሳለች። ወሬውም አብሮ ይቀዳል። የሰማሁትን በየተራው ላንሳው።

«ኩላሊት ያጥባል»

ኩላሊት ራሱ አጣቢ ነው። ደማችንን ሲያጣራ ይውላል፤ የሚያጥበው አይፈልግም። አንድ ብርጭቆ የኮኮናት ውኃ 600 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የደከመ ኩላሊት ግን አይችልም፤ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀምና የልብ ምት ያዛባል። አክስቴ ደግሞ ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪል ትወስዳለች፤ ይህ መድኃኒት በራሱ ፖታሲየም ያስቀራል። በስኒ መቅመስ ሌላ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ ሌላ። እሷ ያሰበችው ሦስቱን ነበር። «መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ» አልኋት።

«ለተቅማጥ ከኦ አር ኤስ ይሻላል»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ተቅማጥ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይዞ ይወጣል። የኮኮናት ውኃ ፖታሲየሙ ብዙ፣ ከጨው የሚገኘው ሶዲየም ግን ትንሽ ነው። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ ይኖረዋል። ግሉኮሱ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ ጨዉንና ውኃውን ከአንጀት ወደ ደም ይዞ የሚገባው እሱ ነው። ከረጢቱ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ለሕፃን ዚንክም ያስፈልጋል፤ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። እንደ ሩዝ ውኃ የነጣ ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ አተት ሊሆን ይችላል። ኦ አር ኤሱን እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

«ከውኃ የበለጠ ጥም ይቆርጣል»

ሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከተራ ውኃ ብዙም አይለይም። ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ በላብ የተጠመቀ ሰው ውኃ ጠጥቶ እንጀራውን በወጥ ቢበላ ጨዉንም ከወጡ ያገኛል።

ፖታሲየም ነው የፈለግሁት የሚል ካለ የአዊ ድንች አለለት። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 380 ሚሊ ግራም ገደማ ይዟል፤ ያን ያህል የኮኮናት ውኃ ግን 250 ገደማ ነው። ምን ይደረግ፣ ለድንች ማስታወቂያ የሚሠራለት የለም።

«ስኳር የለውም»

አለው። በብርጭቆ 6 ግራም ገደማ፤ የታሸገው ደግሞ ስኳር ሊጨመርበት ስለሚችል ጽሑፉን ማንበብ ነው። ከለስላሳ ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። የኮኮናት ወተት የሚባለውም ሌላ ነገር ነው፤ ከነጩ ሥጋው ተጨምቆ የሚወጣ፣ ቅባት የበዛበት።

በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ «ታዲያ መንገዱ ዳር ካለው ዘንባባ ለምን አንለቅምም?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ደህና ጥያቄ ነው። ኮኮናት ሞቃትና እርጥብ ቆላ፣ በተለይም የባሕር ዳርቻ ይወዳል። የኛዋ ባሕር ዳር ስሟ ነው እንጂ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዘንባባው ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

አክስቴ የተከፈተውን ለልጁ ሰጠችው። ቀምሶ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አጨማደደና ስኒውን መለሰላት።