ኢንስክራይብድ ካሬ ምንድን ነው? «ውስጥ ያለ ካሬ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰዎች ሲቀባበሉት አየሁ። ጸሐፊው መቅደሱ በክቡ ውስጥ «ኢንስክራይብድ» የሆነ ካሬ ነው ይላል። ቀጥሎ ቀመር ይሰጣል፦ የቤተ ክርስቲያኑን ዲያሜትር ለሩት 2 (በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጠው ቁጥር፣ 1.41 ገደማ) አካፍሉ፣ የመቅደሱን ጎን ታገኛላችሁ።

አታገኙም። ይህን ስህተት ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍል ውስጥ ሳርመው የኖርኩት ነው። አሁን አደባባይ ወጥቶ ሲመሰገን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ካሬ በክብ ውስጥ ኢንስክራይብድ ነው የሚባለው አራቱም ማዕዘኖቹ የክቡ መስመር ላይ ሲያርፉ ነው። ውስጥ መሆኑ አይበቃም። መሀል ላይ መቀመጡም አይበቃም። ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው 4ኛ መጽሐፍ ላይ የደነገገው ይህንኑ ነው። እዚያው አሠራሩንም ያሳያል፦ ሁለት ዲያሜትሮችን በ90 ዲግሪ አቋርጡ፣ አራቱን ጫፎች አገናኙ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንሂድ። የጎጃም ሰው ክፍሎቹን ያውቃቸዋል። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀል ላይ መቅደስ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው አራት ማዕዘኑን መቅደስ እየዞረ ነው ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚያየው። እየዞረ! የመቅደሱ ማዕዘኖች ክቡን ግድግዳ ቢነኩ ኖሮ መዞር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በካሬውና በክቡ መሀል ያለው ቦታ እርስ በርሱ የማይገናኝ አራት ቁራሽ ይሆን ነበር። ካህኑ እያጠነ ሲዞር የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል።

በቁጥር እንየው። ዲያሜትሩ 20 ሜትር ነው እንበል። በጸሐፊው ቀመር የመቅደሱ ጎን 14.14 ሜትር፣ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጠቅላላው ክብ 314 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለቅድስትና ለቅኔ ማኅሌት አንድ ላይ የሚተርፈው 114 ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱም ለአራት ተቆራርጦ። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ማን ያውቃል?

አንዳንዱ «መሀላቸው አንድ ነው ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ ይሟገትለታል። መሀላቸው አንድ መሆኑ ሌላ ባሕርይ ነው። ያ ብቻ ከሆነ የካሬው ጎን ከክቡ ምንም ግንኙነት የለውም። ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል። ሩት 2 የሚመጣው ከመንካቱ ነው።

ለተማሪዎቼ ግንድ አሳያቸዋለሁ። ከድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንድ አራት ማዕዘን ምሰሶ ማውጣት ትፈልጋለህ እንበል። የተቆረጠውን ፊቱን ተመልከት። የምሰሶው አራት ጠርዞች ልጡ ድረስ ከደረሱ ያ ኢንስክራይብድ ነው፤ ከዚያ ግንድ ከዚህ የሚበልጥ ካሬ አይወጣም። ትንሽ ገባ ብለህ ከቆረጥከው አሁንም ካሬ ነው፣ አሁንም ግንዱ ውስጥ ነበር፣ ግን ኢንስክራይብድ አይደለም። ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ካለው ትልቁ ምሰሶ ጎኑ 28.28 ሳንቲ ሜትር፣ የፊቱ ስፋት 800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከግንዱ ፊት ስፋት 64 በመቶ ያህሉ ምሰሶ ነው፤ ሌላው ተጠርቦ ይወድቃል። (እውነተኛ ግንድ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ወደ ላይም ይቀጥናል። ስለዚህ የሚለካው ቀጭኑ ጫፍ ነው።)

ለምን ዲያሜትር ለሩት 2? የካሬው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ክብ ላይ ያረፈ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሁልጊዜ ዲያሜትርን ነው ከፊቱ የሚያየው። ስለዚህ የካሬው ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሄደው መስመር) ራሱ ዲያሜትሩ ነው። የቀረው ፓይታጎረስ ነው፦ የጎኑ ስኩዌር እጥፍ ከሰያፉ ስኩዌር ጋር እኩል ነው።

ፈተና ላይ የሚጥለው ይሄ ነው፦ የካሬው ጎን 6 ከሆነ የክቡ ስፋት ስንት ነው? ብዙ ተማሪ ሬዲየሱን 3 ያደርግና 9 ፓይ ይመልሳል። ያ ካሬው ውስጥ የተሠራው ክብ ነው። ዲያሜትሩ ሰያፉ፣ ማለትም 6 ሩት 2 ስለሆነ፣ ሬዲየሱ 3 ሩት 2፣ ስፋቱ 18 ፓይ ነው። ልክ እጥፍ። ሩት 2ን ደግሞ እንዳለ ተዉት፤ 1.41 ብሎ መጀመር መልሱን ያበላሻል።

የፈተናው ሥዕል ነገርም አለ። ሥዕሉ የነካ ስለመሰለ ነክቷል አይባልም፤ ጥያቄው መናገር አለበት። ሦስት ማዕዘኖች ክቡ ላይ መሆናቸው ከተነገረህ ግን አራተኛው ግድ ነው፤ ምክንያቱም በሦስት ነጥቦች የሚያልፈው ክብ አንድ ብቻ ነው። ይህ ለካሬ ነው። ካሬ ያልሆነ ሮምበስ (አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ቅርጽ) ግን በየትኛውም ክብ ውስጥ ኢንስክራይብድ ሊሆን አይችልም።

አሁን ግንዱን መሀል ለመሀል ሰንጥቁት። ከግማሹ የሚወጣው ትልቁ ካሬ የሙሉው ግማሽ ይመስላል። አይደለም። ሁለት ማዕዘኖች ቀጥተኛው ፊት ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ልጡ ላይ ሲያርፉ ስፋቱ 320 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከሙሉው ግንድ የወጣው 800 ነበር። ሁለት አምስተኛ ብቻ! ለአራት ከሰነጠቃችሁት ደግሞ ከእያንዳንዱ ሩብ 200 ይወጣል፤ አራቱ ተደምረው 800 ይመልሳሉ። ሰንጥቆ መጥረብ አንዴ ያከስራል፣ አንዴ አያከስርም።

ሩቡ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 200 የሚወጣው አንዱ የካሬው ማዕዘን የክቡ መሀል ላይ ሲቀመጥ ነው። ካሬውን አዙራችሁ ሁለት ማዕዘኖች ቅስቱ ላይ፣ አንድ አንድ ደግሞ ሁለቱ ቀጥተኛ ጎኖች ላይ ብታሳርፉ 160 ይሆናል። ሁለቱም ኢንስክራይብድ ናቸው።

መስመሩ ክብ ካልሆነ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። እንደ ጣና ዳርቻ የተጠማዘዘ፣ ራሱን የማያቋርጥ ማንኛውም ዝግ መስመር ላይ የካሬ ማዕዘን የሚሆኑ አራት ነጥቦች ሁልጊዜ ይገኛሉ ወይ? የሒሳብ ሊቁ ኦቶ ቶፕሊትስ በ1911 እ.ኤ.አ ጠይቆታል። በ2020 እ.ኤ.አ ግሪንና ሎብ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ለለስላሳ (ሹል ማዕዘን ለሌላቸው) መስመሮች ከካሬም አልፈው ለየትኛውም ዓይነት ሬክታንግል አረጋግጠዋል። ለማንኛውም መስመር የሚሆነው መልስ ገና አልተገኘም። ልብ በሉ፦ እዚያ ጥያቄ ላይ ካሬው ከመስመሩ ወጣ ቢልም ችግር የለም። የሚፈለገው ማዕዘኖቹ መስመሩ ላይ እንዲሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ የምታወጡ መምህራን፣ ግማሽ ወይም ሩብ ክብ ስትሰጡ «ኢንስክራይብድ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የትኛው ማዕዘን የት እንደሚያርፍ ጻፉ። 160 የመለሰ ተማሪ አልተሳሳተም።