ከልጆች ጋር በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ኮረብታውና የወንዝ ሸለቆው

አዲስ አበባ ላይ ቀና ያለ ሰው ተራራ ያያል። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር። ሃይኪንግ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሌሊት ተነስቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ነው። ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን ያን ሁሉ መራቅ አያስፈልግም። ከከተማው ጠርዝ ጀምሮ የሚበቃ ነገር አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ እንጦጦን ያዙ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣው አስፋልት ስላለ ዳገቱን በመኪና ጨርሳችሁ፣ የልጆቹን ጉልበት ከላይ ላለው ጫካ ማቆየት ትችላላችሁ። ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍልውሃ አካባቢ ከማውረዳቸው በፊት እዚህ ነበሩ፤ በ1882 ዓ.ም. የነገሡትም እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። የድሮው ግቢ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስላለ ታሪክ የሚወድ ልጅ ካላችሁ እዚያው ሰዓቱ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የተሠራ የእግር መንገድና ማረፊያ ስላለው ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ይቀላል።

ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከቦሌ የመጣ ልጅ ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሄድ ደከመኝ ቢላችሁ ሰነፍ ነው አትበሉት፤ አየሩ ስስ ነው። አትሌቶቻችን ማለዳ እዚህ የሚሮጡትም ለዚሁ ነው። ቆም በሉ፣ ውሃ አጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ።

ጫካው በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። የከተማዋ የማገዶ እንጨት እያለቀ ሲመጣ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ ከቁመታቸው የረዘመ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ልጆቻችሁን መንገድ ማስለቀቅ አስተምሯቸው። ሸክም ያለበት ሰው መቆም አይችልም። የእኔዋ ልጅ ስድስት ዓመቷ ሳለ ከመሬት የለቀመችውን የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ ሁለቱም ኪሷ ሞልታ ተመለሰች፤ ያቺ ጃኬት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነባት ቤት ትሸት ነበር። አገር በቀል ዛፍ ማሳየት የፈለገ ሰው ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይሂድ። ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ ጽድና ኮሶው እዚያ አለ፣ ዳገቱም አይከብድም።

ለልጆች ከሁሉ በላይ የምወደው ነገር ግን የእንጦጦ ሸንተረር ራሱ ነው። ውሃ የሚለያየው እዚያ ነው። በደቡብ በኩል የወረደ ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ አቃቂ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፣ ከዚያ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሄዶ፣ በሙገር በኩል ዓባይ ገብቶ፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ጫፉ ላይ ቁሙና ልጃችሁ ከያዘው ውሃ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ያፍስስ። የጂኦግራፊ መምህር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅበትን በአንድ ደቂቃ ይገባዋል።

ወንዝ ሸለቆ መውረድ ሌላ ሂሳብ አለው። ተራራ ላይ መጀመሪያ ትደክማላችሁ፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ነው። ሸለቆ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ልጆች እየዘለሉ ይወርዳሉ፣ ዳገቱ የሚመጣው ሁሉም ከደከመና ስንቁ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ሰዓት እይዛለሁ፦ ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ለመውጣት አርባ እቆጥራለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ካለ አዝሎ መውጣትንም አስቡት።

ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ከላይ ምንጩ አካባቢ ንጹህ ይመስላል፣ ከተማ ከገባ በኋላ ግን ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። ከታች በኩል ልጅ እግሩን እንኳን አይንከር። ክረምት ላይ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ውሃ ሳታስቡት ነው የሚመጣው። ሰማዩ ወደ ሰሜን ከጠቆረ ከወንዙ ውጡ። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ አፈርም ሲረጥብ ጫማ ላይ ተጣብቆ እግር ያከብዳል፣ የልጅ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀርበት ጊዜም አለ። ምርጡ ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ጭቃው ጠጥሯል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አለ።

ከየካ በላይ ያለው ዋሻ ሚካኤልም ለግማሽ ቀን ይበቃል። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጣሪያው ዛሬ የለም፤ በአካባቢው ሲነገር አብርሃና አጽብሃ ያሠሩት ነው ይባላል። አዲስ አበባ ተወልደው አድገው የማያውቁት ሰዎች መብዛታቸው ያሳዝነኛል። ስትገቡ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መያዝ አትርሱ።

ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና በሶ ይበቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስለሚበርድ ሹራብ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ኮፍያ ያስፈልጋል። ሳማን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ አንዴ ለብልቦት ካለቀሰ ልጅ ጋር መንገዱ አይገፋም። ማሳ አቋርጣችሁ አትሂዱ፣ በዳር በዳር ይኬዳል። ገበሬ ቤት አጠገብ ውሻ አለ፣ ልጆች እንዳይሮጡ ንገሯቸው፣ ባለቤቱን ተጣሩ። በሱሉልታና በመናገሻ ሱባ በኩል በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት የሚችል ልጅ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንገት ይጨልማል፣ እንጦጦ ደግሞ ጅብ አለው፤ አሥር ሰዓት ላይ መመለስ ጀምሩ።

ልጆቹ ትንሽ ከጠነከሩ ቀጣዩ መናገሻ ሱባ ነው፣ ከከተማው ወደ 45 ኪሎ ሜትር። ጫካው የወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አንገት እስኪያም ቀና ብለው የሚያዩት ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ድኩላ አለ። ጉሬዛ ለማየት ግን ዝም ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ነጩ ረጅም ጅራት ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል። ቤት ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ዝም የማይሉት ልጆቼ እዚያ ዛፍ ሥር እጄን ይዘው ሳይተነፍሱ ቆመዋል። ከሰበታ በኩል ወደ ጫካው የሚገባው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ በክረምት ዝቅ ያለች መኪና ይዛችሁ አትግቡ።