በሃስኬል «ሰነፍ ስሌት» ሲባል ምን ማለት ነው?
እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ በሆነው የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ሰነፍ ስሌት» የሚለው ስያሜ ብዙ ጀማሪዎችን ቋንቋው ቀርፋፋ ነው ወደሚል የተሳሳተ ግምት ይመራቸዋል፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስሌቱ መቼ እንደሚከናወን ነው። ሃስኬል አንድን ነገር የሚያሰላው ውጤቱ በእርግጥ ሲፈለግ ብቻ ነው። ለምሳሌ፣ የመጀመሪያው አባል «1 ለ0 ሲካፈል»፣ ሁለተኛው ደግሞ 2 የሆነ ዝርዝር ሰጥተን ርዝመቱን ብንጠይቅ፣ ፕሮግራሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ 2 ብሎ ይመልሳል፤ አባላቱን ለመቁጠር ማካፈሉን መፈጸም አያስፈልገውምና። ከ1 ጀምሮ ማብቂያ ከሌለው ዝርዝር 5 ቁጥሮችን ብቻ መውሰድ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ይህ በእኔ እይታ የቋንቋው ትልቁ ውበት ነው። ሆኖም በረጅም ድምር ውስጥ ያልተሰሉ መደመሮች ተከማችተው ሜሞሪ ሊያጣብቡ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ስሌቱ ወዲያውኑ እንዲፈጸም በግልጽ ማዘዝ ይገባል።